ደንብ ሲለወጥ የቀድሞው ፈቃድ

አንድ ሰው ርስቱን ወይም ንግዱን በሌላ ሰው እጅ ለማሠራት የፈለገ እንደ ሆነ ወኪል ይሾማል፤ ለወኪሉም የውክልና ወረቀት ጽፎና ማኅተሙን አድርጎ ይሰጠዋል። ይህ ወረቀት በወኪሉ እጅ እስካለ ድረስ ዳኛውም ሆነ የኬላ ጠባቂው፣ ባለዕዳውም ሆነ ነጋዴው ወኪሉን እንደ ባለቤቱ አድርገው ይቀበሉታል። በሹመትና በፍርድ ሥራ ላይ የቆዩ ሰዎች እንደሚያውቁት፣ በውክልና ነገር ብዙ ክርክር የሚነሣው ወረቀቱ በተሰጠበት ቀን ሳይሆን በሚሻርበት ቀን ነው። ባለቤቱ ወኪሉን በልቡ ሽሮት ሳለ ወረቀቱን ሳይቀበለው ወይም መሻሩን ሳያስታውቅ የቀረ እንደ ሆነ፣ ወኪሉ በባለቤቱ ስም ሲዋዋልና ሲፈርም ይኖራል። ደግሞም ባለቤቱና ወኪሉ ተስማምተው ሲኖሩ በመካከል የአገሩ ደንብ ቢለወጥ፣ በቀድሞው ደንብ የተጻፈው ወረቀት በአዲሱ ደንብ ይጸናልን ወይስ ይፈርሳል የሚል ሌላ ጥያቄ ይመጣል።

በዚህ ዘመን በማኅበራዊ መገናኛዎች ላይ የሚታየው ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። በዚያ ሦስት ወገኖች አሉ። የመጀመሪያው ቤቱን የሠራው ኩባንያ ነው፤ ይኸውም ፌስቡክ፣ ወይም ከ2023 ወዲህ ስሙ ኤክስ የተባለው ትዊተር፣ ወይም እነዚህን የመሰለ ነው። ሁለተኛው በዚያ ቤት ውስጥ አካውንት ከፍቶ የሚጽፍና የሚያነብ ሰው ወይም መሥሪያ ቤት ነው። ሦስተኛው ከሁለቱም ውጭ ሆኖ ልዩ ልዩ መተግበሪያ አዘጋጅቶ የሚያቀርብ ነው፤ ጽሑፍን በተወሰነለት ሰዓት የሚያወጣ፣ የተከታዮችን ቁጥር የሚቈጥር፣ ጨዋታና የጥያቄ ውድድር የሚያጫውት ሁሉ ሦስተኛ ወገን ይባላል። ይህ ሦስተኛ ወገን ሥራውን ለመሥራት ወደ ሰውየው አካውንት መግባት ስለሚያስፈልገው ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሰውየውም «ፍቀድ» የሚለውን በጣቱ ሲነካ፣ ኩባንያው ለመተግበሪያው አንድ ረዥም የፊደልና የቍጥር ድርድር ይሰጠዋል። ይህ ድርድር በኬላ ላይ እንደሚታይ የይለፍ ወረቀት ያለ ነው፤ መተግበሪያው በመጣ ቍጥር እርሱን እያሳየ ይገባል፤ ባለቤቱም ዳግመኛ አይጠየቅም።

እነዚህ ኩባንያዎች ባለፉት ዓመታት የመግቢያውንና የፈቃዱን ደንብ ብዙ ጊዜ ለውጠዋል። ለውጡ በወጣ ቍጥር ጋዜጦች የሚጽፉት ስለ አዲሱ ደንብ መልካምነት ወይም ክፋት ነው። ነገር ግን የእያንዳንዱን ለውጥ ታሪክ ተከታትሎ ለተመለከተ ሰው፣ ጉዳቱም ሆነ ጥቅሙ የመጣው ከአዲሱ ደንብ ቃል ሳይሆን፣ አስቀድመው ተሰጥተው በየእጁ ያሉት ፈቃዶች ከሆኑት ነገር ነው። የሚከተለውም ይህን ያስረዳል፤ ቀኖቹና ዓመታቱ የኢትዮጵያ ነው ካልተባለ በቀር በኤውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በመጀመሪያ የይለፍ ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም። የትዊተርን አካውንት በሌላ መተግበሪያ ለመክፈት የፈለገ ሰው ዋናውን የይለፍ ቃሉን ለመተግበሪያው ይሰጥ ነበር። ይህ ማለት ደብዳቤ ብቻ እንዲያደርስ ለታዘዘ አሽከር የዕቃ ቤቱንም የጓዳውንም ቍልፍ አብሮ መስጠት ነው፤ ቍልፉ ደግሞ ተከፍሎ አይሰጥም፤ ከአንዱ አሽከር ለመንጠቅም የሁሉን መዝጊያ መለወጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ መሐንዲሶች ተሰብስበው መከሩና፣ ኦአውዝ የተባለውን በይለፍ ወረቀት የመግባት ሥርዓት አወጡ። ትዊተርም በይለፍ ቃል መግባትን ለሦስተኛ ወገኖች የሚከለክል መሆኑን አስታውቆ፣ ቀኑን በ2010 ጁን 30 ላይ ወሰነ። በዚያ ወራት የእግር ኳስ የዓለም ዋንጫ ስለ ነበረ፣ ሕዝቡ በሚበዛበት ሰዓት እንዳይታወክ ቀኑ ወደ ኦገስት ተዛወረ፤ በኦገስት 31 የድሮው በር ፈጽሞ ተዘጋ። ራሳቸውን ያላደሱ መተግበሪያዎች በዚያ ቀን ሥራቸው ቆመ፤ ያደሱት ግን ሰዎቹን እንደገና ፈቃድ ጠይቀው ቀጠሉ።

ይህ ለውጥ ጊዜ ተሰጥቶት አስቀድሞም ተነግሮ ስለ ተፈጸመ ሊመሰገን ይገባዋል። ሆኖም አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። መተግበሪያዎቹ ለብዙ ዓመት የተቀበሉት የይለፍ ቃል በእጃቸው እንዳለ ቀረ፤ የኋላው በር ቢዘጋባቸውም ያ ቃል በዋናው በር ባለቤቱ ራሱ የሚገባበት ቃል ነውና፣ ባለቤቱ እስካልለወጠው ድረስ የሚሠራ ነው። ኩባንያው በሩን ለመዝጋት ይችላል፤ ከሰው አፍ የወጣውን ቃል ግን ሊመልሰው አይችልም።

በሚቀጥለው ዓመት በ2011 የተደረገው ከዚህ የተሻለ ነበር። እስከዚያ ድረስ ለማንበብና ለመጻፍ የተፈቀደለት መተግበሪያ ሁሉ፣ ሰዎች ለየብቻቸው የሚላላኩትን የምስጢር መልእክት ጭምር ያነብ ነበር። አንድ ሹም ከበላዩ የሚቀበለው ቃል፣ አንድ ቄስም ከንስሐ ልጁ የሚቀበለው መልእክት በዚያ መንገድ ቢተላለፍ፣ ቍጥር ሊቈጥር የመጣው መተግበሪያ ሊያየው ይችል ነበር። ትዊተር በሜይ ወር፣ የምስጢር መልእክትን ማንበብ ራሱን የቻለ ሌላ ፈቃድ እንደሚሆን አስታወቀ። ዋናው ነገር ግን የሚከተለው ነው፤ አዲሱ ደንብ ለሚመጡት መተግበሪያዎች ብቻ አልተደረገም። ቀድሞ የተፈቀደላቸውም ቢሆኑ ወደ ባለቤቱ ተመልሰው፣ የምስጢሩን ነገር ለይተው ካልጠየቁና ካላስፈቀዱ በቀር፣ ከጁን መጨረሻ በኋላ መልእክቱን ለማንበብ እንዳይችሉ ተደረገ። መተግበሪያ ሠሪዎቹ ሥራ በዛብን ብለው ብዙ አጕረመረሙ፤ የተሰጣቸውም ጊዜ በጥቂት ቀን ተጨመረላቸው። ባለቤቱ ግን ያልፈቀደውን ነገር የፈቀደ ሆኖ አልተቈጠረበትም።

ከሁሉ ይልቅ ሰፊ ምርመራ የሚገባው የፌስቡክ ነገር ነው። በፌስቡክ የቀድሞ ደንብ፣ አንድ ሰው ለመተግበሪያ ፈቃድ ሲሰጥ የራሱን ነገር ብቻ ሳይሆን የወዳጆቹንም ነገር አብሮ ይሰጥ ነበር። ወዳጆቹ መተግበሪያውን አላዩትም፤ ስሙንም አልሰሙም፤ ነገር ግን የትውልድ ቀናቸው፣ የሚኖሩበት ከተማ፣ የወደዱት ነገር ሁሉ በወዳጃቸው እጅ ለማያውቁት ሰው ይተላለፍ ነበር። ይህም አንድ ሰው የራሱን ቤት ለማስፈተሽ ስለ ፈቀደ ፈታሹ የጎረቤቱን ቤት ሁሉ ዞሮ እንደሚፈትሽ ያለ ነው። በ2013 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው አሌክሳንድር ኮጋን የሰውን ጠባይ በጥያቄ የሚመረምር አንድ መተግበሪያ አወጣ፤ የተቀበሉት ሰዎች ቍጥር 270,000 ያህል ነበር። በእነርሱ በኩል ግን ነገራቸው የተወሰደባቸው ሰዎች እስከ 87 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ኩባንያው ራሱ በኋላ በ2018 ተናገረ። የተሰበሰበውም ነገር በምርጫ ቅስቀሳ ሥራ ይተዳደር ለነበረው ካምብሪጅ አናሊቲካ ለተባለው ድርጅት ተላለፈ።

ፌስቡክ ይህ በአደባባይ ሳይወራ በኤፕሪል 30 ቀን 2014 ደንቡን ለወጠ። በአዲሱ ደንብ ሰው የሚጠየቀውን እያንዳንዱን ነገር ለይቶ ይህን እፈቅዳለሁ፣ ያንን እከለክላለሁ ለማለት ቻለ፤ የወዳጆችን ነገር መውሰድ ተከለከለ፤ ከስምና ከኢሜይል የመሳሰለው ቀላል ነገር አልፎ የሚጠይቅ መተግበሪያም አስቀድሞ በኩባንያው እንዲመረመር ተደረገ። ደንቡ በራሱ ሲታይ መልካም ነበር፤ በዚያን ቀን የሰሙትም አመሰገኑት። ነገር ግን ቀድሞ ለነበሩት መተግበሪያዎች እስከ ኤፕሪል 30 ቀን 2015 ድረስ የአንድ ዓመት እፎይታ ተሰጣቸው። አዲስ የመጣው በአዲሱ ደንብ ሲገዛ፣ አሮጌው በአሮጌው ፈቃድ ዓመቱን ሙሉ ሲወስድ ቆየ።

ለዚህ እፎይታ ምክንያት አልነበረውም አይባልም። በቅን የሚሠሩ ብዙ ትናንሽ ድርጅቶች ሥራቸውን በቀድሞው ደንብ ላይ ሠርተውታል፤ ሁሉን አፍርሰው እንደ አዲስ እንዲጽፉ በአንድ ሌሊት ቢታዘዙ ደንበኞቻቸውን ይዘው ይወድቁ ነበር። አንድ መንግሥት የመስፈሪያና የሚዛን ደንብ ሲለውጥ፣ ነጋዴው የድሮውን ሚዛን እስኪለውጥ ጊዜ እንደሚሰጠው ሁሉ፣ ይህም ልማድ ነው። ነገር ግን በሚዛን ነገር የእፎይታውን ዋጋ የሚከፍለው ዓይኑ እያየ የሚገዛው ሰው ነው። በፌስቡክ ነገር ግን የዓመቱን ዕዳ የከፈሉት እነዚያ ምንም የማያውቁት ወዳጆች ናቸው፤ እነርሱም ስላልተጠየቁ ሊከለክሉ አልቻሉም፤ የተሰጠው እፎይታ መኖሩንም አላወቁም። ስለዚህ ለሠሪው የሚሰጥ ጊዜና ለተወሰደበት ሰው የሚገባ ጥበቃ በአንድ ቀን መቍጠሪያ ሊለኩ የማይገባቸው ሁለት ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ኩባንያው አለመለየቱ ትልቅ ስሕተት ነበር። የወዳጆችን በር በዚያው ቀን ዘግቶ፣ ለቀረው ሥራ ዓመቱን መስጠት ይቻል ነበር።

ይህም ሳይበቃ፣ ዓመቱ ካለፈ በኋላ ለ61 ድርጅቶች እስከ 6 ወር የሚደርስ ተጨማሪ ጊዜ እንደ ተሰጠ ኩባንያው በ2018 ለአሜሪካ ምክር ቤት በጽሑፍ አስታወቀ። በሩ ከተዘጋ በኋላም ቀድሞ የወጣው ዕቃ አልተመለሰም። በዲሴምበር 2015 ዘ ጋርዲያን የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ነገሩን ባወጣ ጊዜ፣ ፌስቡክ የተወሰደው ሁሉ እንዲጠፋ ጠየቀ፤ ጠፍቷል የሚል ማረጋገጫም ተሰጠው፤ ሄዶ ግን አላየም። በማርች 2018 ዘ ኒው ዮርክ ታይምስና ዘ ኦብዘርቨር ነገሩ ሁሉ እንዳልጠፋ ጻፉ። ከዚህ በኋላ የኩባንያው አለቃ ማርክ ዙከርበርግ በኤፕሪል 10 ቀን በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ተጠየቀ፤ በጁላይ 24 ቀን 2019 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን 5 ቢሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰነበት። በእንግሊዝ አገር የተወሰነበት መቀጫ ግን 500,000 ፓውንድ ብቻ ነበር፤ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ መቀጫ የሚፈቅድ አዲስ ሕግ በ2018 የወጣ ቢሆንም፣ ጥፋቱ የተሠራው በቀድሞው ሕግ ዘመን ስለ ሆነ በቀድሞው ሕግ መጨረሻ ልክ ተፈረደ። መቀጫውን የወሰኑት ለተከሳሹ እንኳ የቀድሞውንና የአዲሱን ሕግ ወሰን እንዲህ አድርገው ጠበቁለት፤ ለእነዚያ 87 ሚሊዮን ሰዎች ግን እንዲህ ያለ ወሰን የጠበቀላቸው አልነበረም።

ፌስቡክ ከዚህ መከራ በኋላ ካወጣቸው ደንቦች መካከል አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ ፍሬ ያለው ነው፤ ባለቤቱ 3 ወር ያልተጠቀመበት መተግበሪያ ፈቃዱ በራሱ እንዲቋረጥ አደረገ። የጊዜ ገደብ የሌለው ውክልና በገደብ ተተካ ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ገደብ ለምን እንደሚያስፈልግ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው በማርች 15 ቀን 2017 በትዊተር ላይ የሆነው ነገር ነው። በዚያን ጊዜ የቱርክና የሆላንድ መንግሥታት ተጣልተው ነበር፤ በቱርክም ለኤፕሪል 16 የሕዝብ ድምፅ ተቀጥሮ ነበር። በዚያ ቀን በኤውሮፓ ፓርላማ፣ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በተባለው ማኅበር፣ ፎርብስ በተባለው መጽሔትና በሌሎች ብዙ የታወቁ አካውንቶች ላይ የናዚ መስቀል ያለበት፣ ጀርመንንና ሆላንድን ናዚ እያለ የሚሰድብ የቱርክኛ ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ወጣ። ያዩት ሰዎች ሁሉ የእነዚያን ትልልቅ ድርጅቶች የይለፍ ቃል ሌባ የሰረቀው መሰላቸው። የይለፍ ቃል የሰረቀ ግን አልነበረም። ትዊተር ካውንተር የሚባል፣ የተከታይን ቍጥር የሚቈጥር፣ መቀመጫው በሆላንድ አገር የሆነ የሦስተኛ ወገን መተግበሪያ ነበረ፤ እነዚያ ድርጅቶች ሁሉ በተለያየ ጊዜ ፈቃድ ሰጥተውታል። ጠላት የመታው እርሱን ነበር፤ እርሱን በመያዙም በእጁ የነበሩትን የይለፍ ወረቀቶች ሁሉ ያዘ። የአንዱን ባለ ሱቅ ሣጥን የሰበረ ሌባ፣ በሣጥኑ ውስጥ የመቶ መኳንንት ማኅተም እንዳገኘ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ማስተዋል ይገባል። አንደኛው፣ ቍጥር ለመቍጠር የመጣ መተግበሪያ በባለቤቱ ስም ለመጻፍ ፈቃድ የሚያስፈልገው አይደለም፤ ሆኖም ጠየቀ፤ የተጠየቁትም ዝርዝሩን ሳያነቡ «ፍቀድ» ብለው ሰጡት። ሁለተኛው የሚያሳዝን ነው። ይኸው መተግበሪያ ከዚያ 4 ወር በፊት፣ በኖቬምበር 2016፣ እንዲሁ ተደፍሮ በብዙ አካውንቶች ላይ የማታለያ ማስታወቂያ ወጥቶበት ነበር። ይህም በጋዜጣ ተጽፏል። ታዲያ በማርች የተሰደቡት ድርጅቶች በእነዚያ 4 ወራት ውስጥ ፈቃዱን ለመሻር በቂ ጊዜ ነበራቸው፤ ነገር ግን ፈቃዱ ሳይሻር ቀረ። በመጨረሻ የመተግበሪያውን ፈቃድ የሻረው ትዊተር ራሱ ነው። የይለፍ ቃላቸውን በዚያ ቀን ቸኩለው የለወጡትም የለወጡት ጠላት ያልገባበትን በር ነበር።

ሁሉን ፈቃድ በአንድ ቀን መሻር የሚገባበትም ጊዜ አለ። በሴፕቴምበር 2018 ፌስቡክ የይለፍ ወረቀቶቹ ራሳቸው እንደ ተሰረቁ ባወቀ ጊዜ፣ ጉዳቱን ለይቶ እስኪያጣራ ሳይጠብቅ የ90 ሚሊዮን ሰዎችን ወረቀት በአንድነት ሻረ፤ ሰዎቹም እንደገና በይለፍ ቃላቸው እንዲገቡ ሆነ። ወረቀታቸው በእውነት የተሰረቀባቸው 30 ሚሊዮን እንደ ነበሩ በኋላ ታወቀ። የቀሩት 60 ሚሊዮን ሰዎች ያለ ምክንያት ደከሙ ሊባል ይችላል፤ ነገር ግን ድካሙ የይለፍ ቃል አንድ ጊዜ መጻፍ ብቻ ነበር።

በ2023 በትዊተር የተደረገው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በጃኑዋሪ 12 ቀን ማታ ትዊተሪፊክና ትዊትቦት የተባሉት መተግበሪያዎች በድንገት መግባት ተከለከሉ። ትዊተሪፊክ ከ2007 ጀምሮ የነበረ ሲሆን፣ ትዊተር የራሱን የስልክ መተግበሪያ ሳያወጣ በፊት ሕዝቡን ያገለገለ ነው። ምንም ማስታወቂያ አልተነገረም፤ ሠሪዎቹም እንደ ማንኛውም ሰው ከደንበኞቻቸው ጩኸት ነገሩን ሰሙ። ኩባንያው ቀናት ካለፉ በኋላ በጃኑዋሪ 17 ነባር ደንቡን እያስከበረ መሆኑን በአንድ አጭር ቃል ተናገረ፤ የትኛው ደንብ እንደ ተጣሰ ግን አልገለጠም። በጃኑዋሪ 19 ደግሞ፣ ትዊተርን የሚተካ ወይም የሚመስል መተግበሪያ መሥራትን የሚከለክል ቃል በደንቡ ውስጥ ተጨምሮ ተገኘ። ቅጣቱ ቀድሞ ሕጉ ተከተለ። ቤቱ የኩባንያው ስለ ሆነ ማንን እንደሚያስገባ የመወሰን መብት አለው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን በዚህ ጊዜ ፈቃድ ሰጪዎቹ አልተበደሉም፤ ወኪሎቹም አልበደሉም፤ ፈቃዳቸው በሙሉ ኃይሉ ሳለ ነው በሩ የተዘጋው። የሁለቱም መተግበሪያ ሠሪዎች የዓመት ክፍያ ተቀብለው ስለ ነበር፣ ገንዘቡ ይመለስ ቢባል እንዳይወድቁ ደንበኞቻቸውን ገንዘቡን እንዲተዉላቸው እስከ መለመን ደረሱ።

ይህ የነጋዴዎች ጠብ ብቻ የሚመስለው ቢኖር፣ ቀጥሎ የመጣውን ይመልከት። በፌብሩዋሪ 2023 ትዊተር በመተግበሪያ በኩል በነፃ መግባት እንደሚቀርና በክፍያ እንደሚሆን አስታወቀ፤ ለዚህም የሰጠው ጊዜ አንድ ሳምንት ነበር፤ በኋላም ቀኑን ደጋግሞ አራዘመ። በማርች መጨረሻ የክፍያው ልክ ወጣ። ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያቸውን ያለ ሰው እጅ በራሱ በሚጽፍ መተግበሪያ ያወጡ ነበር። የአሜሪካ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ስለ ዐውሎ ነፋስ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ እንደ ቀድሞው በራሱ ሊወጣ እንደማይችል ለሕዝቡ ተናገረ። የኒው ዮርክ ከተማ የባቡርና የአውቶቡስ መሥሪያ ቤት ፈቃዱ ሁለት ጊዜ ከተቋረጠበት በኋላ፣ በኤፕሪል 27 የጕዞ ማስታወቂያውን በትዊተር ማውጣቱን ተወ፤ በትዊተር የሚገኘውን ነገር ለማመን አይቻልም አለ። በሜይ 2 ቀን ኩባንያው ሐሳቡን ለውጦ፣ የአየር ጠባይ፣ የመጓጓዣና የአደጋ ማስታወቂያ ለሚያወጡ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በነፃ እንዲሆን ፈቀደ፤ የኒው ዮርኩም መሥሪያ ቤት በሁለት ቀን ውስጥ ተመለሰ። ማስታወቂያው በጠፋባቸው ቀናት ግን መንገደኛው ባቡሩ ቢዘገይ የሚያነብበት የራሱ የመሥሪያ ቤቱ ገጽና የስልክ መተግበሪያ ነበረው። የራሱ በር የሌለው መሥሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ፣ ሌላ ሰው በለወጠው ደንብ ድዳ ሆኖ በቀረ ነበር።

በኢትዮጵያም ሚኒስቴሮች፣ ክፍለ ከተሞች፣ አህጉረ ስብከትና ገዳማት ሳይቀሩ በእነዚህ መገናኛዎች ላይ ገጽ ከፍተው ለሕዝቡ ቃላቸውን ያሰማሉ። በ2016 የኢትዮጵያ ዓመት የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321፣ የሰው የግል ነገር በፈቃዱ ላይ ተመሥርቶ እንዲያዝ፣ የሰጠውንም ፈቃድ ሊያነሣ እንዲችል ይደነግጋል፤ ይህን የሚቈጣጠረውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ ግን ለተረሳ ወኪል መሻሪያውን በባለቤቱ ፋንታ አይጽፍለትም። አንድ መሥሪያ ቤት ለማይታወቅ መተግበሪያ «ፍቀድ» ብሎ የሰጠውን የይለፍ ወረቀት ሊሽር የሚችለው መሥሪያ ቤቱ ራሱ፣ ወይም የባሕር ማዶው ኩባንያ ሲፈልግ ነው።

ብዙ ጊዜ ደግሞ ገጹን የሚጠብቀው አንድ ወጣት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነው፤ በደብርም እንደ ሆነ ከሰንበት ትምህርት ቤት የተመረጠ አንድ ልጅ ነው። እርሱም ሥራው እንዲቀልለት ጽሑፍ በሰዓቱ የሚያወጣ፣ ሥዕል የሚያስተካክል፣ ተከታይ የሚቈጥር መተግበሪያ ከገጹ ጋር ያገናኛል፤ ይህንም ሲያደርግ አለቃውን አያስፈቅድም፤ ማስፈቀድ የሚገባው መሆኑንም የነገረው የለም። በኋላ ተዛውሮ ሲሄድ የቢሮውን ቍልፍና የመኪናውን ወረቀት ቈጥሮ ያስረክባል፤ የይለፍ ቃሉም ይለወጣል። የመተግበሪያዎቹ የይለፍ ወረቀት ግን የይለፍ ቃል ስለ ተለወጠ ብቻ ሁልጊዜ አይሻርም፤ በርክክቡ መዝገብ ላይም አይጻፍም። የተፈቀደላቸው መተግበሪያዎች ዝርዝር በእያንዳንዱ አካውንት ማስተካከያ ክፍል ውስጥ ይገኛል፤ ማንበብ የሚፈጀው ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ርክክብ በሚደረግበት ቀን አስረካቢና ተረካቢ በአንድነት ከፍተው፣ እያንዳንዱ መተግበሪያ ምን እንደ ተፈቀደለትና በማን እንደ ተፈቀደለት በመዝገብ ቢጽፉ፣ የማይታወቀውንም በዚያው ሰዓት ቢሰርዙ፣ ለመሥሪያ ቤቱ የሚወጣ አንድም ወጪ የለም። በዚያም ዝርዝር ውስጥ ሠሪው ከተበተነ ብዙ ዓመት የሆነው፣ በገጹ ላይ ለመጻፍ የሚያስችለው ፈቃድ ግን ገና ያልተሻረ መተግበሪያ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል።